የስልክ ድምፅ ረዳት ለዕለት ሥራ፦ አላርም፣ ማስታወሻ፣ ሒሳብ፣ ጥሪ (ለድሬና ለሐረር ልጆች)

ከዚራ_ጥላ · ማታ 1:40

ስለ ድምፅ ረዳት በተነሳ ቁጥር ድሬ ላይ የሚሰማው መልስ «አቦ ተወው፣ አማርኛ አይገባውም» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጉግል አሲስታንት፣ ሲሪና አሌክሳ ትዕዛዝ ከሚቀበሉባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ግን ስልካችን ውስጥ ያለው ሠራተኛ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ታዛዥ ነው፦ አላርም ይሞላል፣ ታይመር ያስነሳል፣ ይደውላል፣ ያሰላል። እሱ እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጸሐፊ ነው፦ የተባለውን ሰምቶ በፊደል ያስቀምጣል። ይሄኛው አማርኛ ይሰማል፤ ጉግል አማርኛን ወደ ድምፅ መተየቢያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰዉን ተስፋ የሚያስቆርጠው ታዛዡን በአማርኛ ማናገር ወይም ጸሐፊው አላርም እንዲሞላ መጠበቅ ነው።

ጸሐፊውን ለማዘጋጀት ጂቦርድን (የጉግልን ኪቦርድ) ከፕሌይ ስቶር አዘምኑ። ኪቦርዱን ከፍታችሁ የሴቲንግ ምልክቱን ንኩ፣ «ላንጉጅስ» ውስጥ አማርኛን ጨምሩ፣ ተመልሳችሁ «ቮይስ ታይፒንግ» መብራቱን እዩ። ስትጽፉ የስፔስ ቁልፉን ተጭናችሁ ቆዩና አማርኛን ምረጡ፣ ከዚያ ማይኩን ንኩ። ማይኩ የሚሰማው ኪቦርዱ በዚያ ጊዜ ባለበት ቋንቋ ነው። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ እያለ አማርኛ ከተናገራችሁ የሚወጣው ጽሑፍ ትርጉም አይኖረውም፤ «አይሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ብቻ ነው።

ታዛዡን ለማዘጋጀት ጉግል አፕን ክፈቱ፣ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ምስላችሁን ንኩ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጉግል አሲስታንት፣ ከዚያ «ሄይ ጉግል ኤንድ ቮይስ ማች»። ድምፃችሁን ሲያስመዘግባችሁ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ፣ ሥራ ላይ በምትናገሩበት ድምፅ ተናገሩ። እዚህ ላይ በሹክሹክታ ያስመዘገበ ሰው ገበያ መሃል ሲጮህ አይሰማውም። አዲስ ስልክ ላይ በአሲስታንት ፈንታ ጌሚናይ ሊከፈትላችሁ ይችላል፤ ጉግል አንዱን በሌላው እየተካ ነው። አጫጭር ትዕዛዞቹ በሁለቱም ይሠራሉ።

የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ በጣም ጥቂት ነው። «ሴት ኤ ታይመር ፎር ፎርቲ ሚኒትስ» ከአሁን 40 ደቂቃ ይቆጥራል። «ሃው ማች ታይም ኢዝ ሌፍት» የቀረውን ይነግራል። «ሴት አን አላርም ፎር ሲክስ ኤ ኤም»። «ኮል» ብሎ ስም። መብራት ሲሄድ «ተርን ኦን ዘ ፍላሽላይት»። ሲጮህ «ስቶፕ»። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ አገር የሚመቸው ታይመር ነው። የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ 40 ደቂቃ የትም 40 ደቂቃ ነው። ከ12 ሰዓት በታች የሆነ ነገር ሁሉ በታይመር ቢሆን ግማሹ ስህተት ይጠፋል።

የምታውቁት ጨምሩ፣ ስህተት ካለም አርሙ።

ሳቢያን_07 · ማታ 1:58

ሰዓቱን በዝርዝር የምታውቁ ጻፉልን። ስድስት መደመር ነው ይባላል፣ ግን ሌሊት ላይ ያሉት ሰዓቶች ቀናቸው ይዛባል። ለሌሊት በረራ ወይም ለመድኃኒት ሰዓት የተሞላ አላርም በ24 ሰዓት ሲሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ለገሃሬ_02 · ማታ 2:20

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ቀኑ ከሰዓቱ የበለጠ ያሳስታል። ከሰዓቱ ልጀምር።

የእኛ ቆጠራ ከንጋት ይነሳል፣ የስልኩ ከእኩለ ሌሊት፤ መሃሉ 6 ሰዓት ነው። የግድግዳ ሰዓት በዓይንህ ሳልና ፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር ውሰድ፦ 1 ሰዓት 7 ነው፣ 2 ሰዓት 8፣ 3 ሰዓት 9፣ 6 ሰዓት 12። ሰው ቁጥሩን ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ኤ ኤምና ፒ ኤም ነው። ኤ ኤም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምርና በቀኑ 6 ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ረፋድ 5 ሰዓት «ኢሌቨን ኤ ኤም» ሆኖ ሳለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለው ቀን 6 ሰዓት «ትዌልቭ ፒ ኤም» ይባላል። ይህን ማስታወስ አያስፈልግም፤ ቀን 6 ሰዓትን «ኑን»፣ ሌሊት 6 ሰዓትን «ሚድናይት» በለው። ንጋት 11 ሰዓት «ፋይቭ ኤ ኤም» ነው፣ ምሽት 12 ሰዓት «ሲክስ ፒ ኤም»፣ ማታ 3 ሰዓት «ናይን ፒ ኤም»።

በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ጠዋት 1፣ ከቀኑ 9 እና ማታ 5 ሰዓት ቢሆን ሦስት አላርም ይሞላል፦ «ሰቨን ኤ ኤም ኤቭሪ ዴይ»፣ «ስሪ ፒ ኤም ኤቭሪ ዴይ»፣ «ኢሌቨን ፒ ኤም ኤቭሪ ዴይ»። «ኤቭሪ ዴይ» ካልተባለ ለአንድ ቀን ብቻ ጮሆ ይጠፋል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ በእጅ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» ስንል ማክሰኞ መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ማለታችን ነው። ስልኩ ዘንድ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ረቡዕ ገብቷል። ስለዚህ ትዕዛዙ «ዌንስዴይ ስሪ ኤ ኤም» ነው። አባቶቻችን «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚሉት ከስልኩ ጋር ይስማማል፤ አላርም ከመሙላትህ በፊት ቀኑን በአጥቢያ ብትጠራው አትሳሳትም። የአውሮፕላን ትኬት ላይም የተጻፈው ቀን በዚሁ በፈረንጁ ቆጠራ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ቱሞሮው» የምትል ቃል ናት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነቅተህ «ቱሞሮው ሲክስ ኤ ኤም» ካልክ የሚሞላው ለዚህ ንጋት ሳይሆን ለቀጣዩ ነው፣ ምክንያቱም ለስልኩ አዲሱ ቀን ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሯል። በዚያ ሰዓት «ቱሞሮው» አትበል፤ «ሲክስ ኤ ኤም» ብቻ በልና ዝጋ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን 6 ይይዛል።

ከሁሉም በኋላ ስክሪኑን ማየት ነው። አላርም ሲሞላ ስንት ሰዓት እንደቀረው አብሮ ይጽፋል። ሰዓቱን ትተህ ይቺን መስመር አንብብ፦ «በ9 ሰዓት ውስጥ» መሆን ሲገባው «በ21 ሰዓት ውስጥ» ካለ ኤ ኤምና ፒ ኤም ተቀያይሯል፣ «በ33 ሰዓት ውስጥ» ካለ ቀን ተዘሏል።

ፈረስ_መጋላ · ማታ 2:41

ለወጥ ቤት ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም እጅ ሊጥ ወይም ዘይት ሲሆን ነው ይህ ነገር የሚጠቅመው።

ብዙ ታይመር በአንድ ጊዜ ማስነሳት ይቻላል፣ ግን ስም ካልተሰጣቸው የትኛው እንደጮኸ አይታወቅም። ስም ሲሰጥ «ሴት ኤ ራይስ ታይመር ፎር ትዌንቲ ሚኒትስ» ይባላል። ስሙን በእንግሊዝኛ ቃል አድርጉት፦ ራይስ፣ ሚት፣ ብሬድ፣ ቢንስ። «ሽሮ» ወይም «ሁልበት መረቅ» ብትሉት በመሰለው የእንግሊዝኛ ቃል ይተካዋል፣ ያኔ «ካንስል ዘ ራይስ ታይመር» እንደሚባለው አንዱን ለይቶ ማጥፋት አይቻልም።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከቁጥሮች ነው። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሰርቲንና ሰርቲ፣ ፎርቲንና ፎርቲ በእኛ አነጋገር በጣም ይቀራረባሉ። 15 ደቂቃ የተባለው 50 ሆኖ ይሞላና ዳቦው ያርራል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ የመጨረሻዋን «ቲን» ረገጥ አድርጎ መሳብ። የተሻለው ግን ከ13 እስከ 19 ያሉትን ቁጥሮች መተው ነው፦ 15 ከማለት 12 ወይም 20 ማለት። የግድ 15 ከሆነ «ኤ ኳርተር ኦፍ አን አወር» በሉ። ረዳቱ ሞልቶ ሲጨርስ ቁጥሩን መልሶ ይናገራል፤ ያንን ሳይሰሙ ዞር አለማለት።

ቱስዴይና ተርስዴይም እንደዚሁ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስን በቀን ስም ሳይሆን በወርና በቁጥር ጥሩ።

አሸዋ_ገበያ · ማታ 2:55

ጥሪ ላይስ? ኮንታክት በአማርኛ ፊደል ከተመዘገበ «ኮል» ሲባል አያገኘውም። ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መገልበጥ አለብን?

ከዚራ_ጥላ · ማታ 3:10

አያስፈልግም እህቴ። በአማርኛ የተጻፈውን ስም እንዳለ ተይው። ኮንታክቱን ክፈቺ፣ የእርሳሱን ምልክት ንኪ፣ ወደ ታች ወርደሽ ተጨማሪ መስኮቹን ስታሳዪ «ኒክኔም» የሚል አለ። ስልኩ በስም ሲፈልግ ይሄንንም ያያል። እዚያ ላይ በላቲን ፊደል አጭር ስም ጻፊ።

ምን ዓይነት ስም የሚለው ወሳኝ ነው። ጸ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ ያለባቸው ስሞች ለእንግሊዝኛ ጆሮ አይያዙም፤ ጽጌን፣ ጫልቱን፣ ቀመሪያን በየቀኑ በሌላ ሰው ስም ይሰማቸዋል። በሥራ መጥራት ይሻላል፦ «ሹገር ዋን» ስኳር አምጪው፣ «ድራይቨር ቱ» ሁለተኛው ባለ ባጃጅ፣ «ባንክ»፣ «ዶክተር»። ለቤተሰብ ደግሞ ዝምድናውን ማስመዝገብ ይቻላል፤ «ኮል ማይ ማዘር» ስትዪ መጀመሪያ ላይ የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቅሻል፣ አንዴ ከመረጥሽ ይይዘዋል።

ሁለት ሲም ያለው ስልክ ላይ በየጥሪው «የቱ ሲም» እያለ ይቆማል። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ለጥሪ ቋሚ ሲም ምረጪ፤ አለበለዚያ እጅ መንካት ሊቀርልሽ አይችልም።

ባጃጅና መኪና ለምትነዱ፦ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ያስቀጣል፣ በድምፅ ነው ተብሎም ዓይን ወደ ስክሪን ከሄደ ያው ነው። ስልኩን አጥብቆ የሚይዝ መያዣ ላይ አድርጉ፣ ጥሪውን ቆማችሁ ጀምሩ።

ገንደ_ቆሬ_ሰው · ማታ 3:22

ድምፁ አልሰማ ሲል ሁሉም አፑን ይወቅሳል። ድሬ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቬንትሌተሩ ነው። ነፋሱ ቀጥታ ማይኩን ሲመታ የሚፈጠረው ጉርምርምታ የመጀመሪያውን ፊደል ይውጠዋል። የስልኩን ታች (ዋናው ማይክ ቻርጀር የሚሰካበት አጠገብ ያለች ቀዳዳ ናት) ከነፋሱ አዙሩት፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ጠጋ ማድረግ የተሻለ ይመስላል፣ ግን ትንፋሹ ራሱ እንደ ነፋስ ይመታል።

አቧራ ሌላው ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈን ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ራሳችሁን ቅዱና ስሙት፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ችግሩ ከማይኩ ነው እንጂ ከአሲስታንቱ አይደለም። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። መርፌ አትክተቱ፤ ከቀዳዳዋ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ከተበሳ ማይኩ ሄደ።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ ከሽቦው ያንሳል። ዘፈን ስትሰሙ ጥሩ የሆነው ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፣ ድምፁም በአብዛኛው በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ናሙና (የድምፅ ቁራጭ) ብቻ ሆኖ ይላካል። በ8,000ው ላይ «ሰ»ና «ፈ» ለማሽኑ አንድ ይሆናሉ። በርካሽ የተገዛ ባለ ሽቦ ማዳመጫ፣ ማይኩ አገጭ አጠገብ ሆኖ፣ ቀፊራ ገበያ መሃልም ይሠራል።

ሙቀትም አለ። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን በሞቃቶቹ ወራት 35ን ማለፍ የተለመደ ነው። ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው ስልክ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ ቻርጅ ማድረጉን ያቆማል፣ «ሄይ ጉግል»ንም ዘግይቶ ይሰማል። ጥላ ውስጥ ማድረግ እንጂ ፍሪጅ ውስጥ መክተት አይደለም፤ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል።

ሸዋ_በር · ማታ 3:35

ሁሉም በትክክል ተሞልቶ አላርሙ ወይም ሪማይንደሩ ሳይጮህ የሚቀርባቸው ስልኮች አሉ፣ በተለይ ባትሪ ለመቆጠብ ጀርባ ላይ ያሉ አፖችን የሚዘጉት። ቴክኖና ኢንፊኒክስ የያዛችሁ እዚህ ጋ አስተውሉ። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ጉግል፣ ባተሪ ግቡና «አንሪስትሪክትድ» አድርጉት። ለሰዓቱ አፕም፣ ለካላንደሩም፣ ለቴሌግራምም ተመሳሳይ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ማጽጃ አፕ «ክሊን» ሲባል የሚዘጋቸው ውስጥ እነዚህ እንዳይኖሩ ከዝርዝሩ አውጧቸው።

ደግሞ አላርምና ሪማይንደር አንድ አይደሉም። አላርም ስልኩ ድምፁ ጠፍቶም ቢሆን ይጮሃል። ሪማይንደር ግን እንደ ማንኛውም መልእክት አንዴ ጢን ብሎ ዝም ይላል፤ ስልኩ ሳይለንት ላይ ከሆነ ጨርሶ አይሰማም። ለመድኃኒት፣ ለበረራ፣ ለምድጃ አላርም ወይም ታይመር። ለ«ደረሰኝ አምጣ» ዓይነቱ ሪማይንደር ይበቃል።

አሸዋ_ገበያ · ማታ 3:44

በአማርኛ የሚያስታውስ ነገር ጭራሽ የለም ማለት ነው?

ሳቢያን_07 · ማታ 3:57

አለ፣ ጸሐፊውን ከቴሌግራም ጋር አገናኝተሽ። ቴሌግራም ውስጥ «ሴቭድ መሴጅስ»ን ክፈቺ። በጂቦርድ ማይክ ነገሩን በአማርኛ ተናገሪ፦ «ለጅቡቲው ደንበኛ የሁለተኛውን ጭነት ደረሰኝ ላኪ» እንደማለት። ከዚያ የመላኪያ ቀስቷን ተጭነሽ ቆዪ፣ «ሴት ኤ ሪማይንደር» ይወጣል፣ ቀንና ሰዓቱን በጣት ምረጪ። ሰዓቱን በእጅ ስለምታንከባልዪው የመስማት ስህተት የለበትም፤ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ብቻ አስቢ። ሲደርስ አማርኛው እንዳለ ይመጣልሻል።

የአማርኛው ጽሑፍ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰንና ሠን፣ ጸንና ፀን በድምፅ መለየት ስለማይቻል የመሰለውን ይጽፋል፤ ለራስ ማስታወሻ ግድ የለም፣ ለደንበኛ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ መታረም አለበት። የጠበቀና የላላ ድምፅም ፊደላችን ላይ ስለማይታይ «አለ» የሚለውን ከዐውዱ ነው የሚያነቡት። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በእጅ ይገባሉ። ቁጥር አንዳንዴ በፊደል አንዳንዴ በአኃዝ ይወጣል፤ ዋጋ ከሆነ ሁሌ በዓይን ማረጋገጥ ነው፣ «መቶ ሃምሳ» እና «ሁለት መቶ ሃምሳ» መሃል የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ ናት የምትጠፋው።

አንድ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ይባል። ሰው መሃል ላይ ቆም ብሎ ሲያስብ ማይኩ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። መጀመሪያ አስቦ ከዚያ መንካት ነው። የአማርኛው መስሚያ ኔትወርክ ስለሚፈልግ ዳታ ጠፍቶ ከሆነ ዝም ይላል። ረጅም ጽሑፍ ያለበት ሰው ኮምፒውተር ላይ በክሮም ጉግል ዶክስ ከፍቶ «ቱልስ» ከዚያም «ቮይስ ታይፒንግ» ቢገባ አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ጌሚናይ ያላችሁ በአማርኛ የተጻፈ ትዕዛዝም መሞከር ትችላላችሁ፤ ጽሑፉ ይገባዋል። «ጠዋት 2 ሰዓት ቀስቅሰኝ» ሲባል ግን 2 ኤ ኤም ይሁን 8 ኤ ኤም ብሎ እንደወሰደው ሳታዩ እንዳትተኙ።

ለገሃሬ_02 · ማታ 4:15

ከሰዓት ወደ ወር ልሻገር፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትበት ነው።

«በየወሩ አስታውሰኝ» ብለህ የፈረንጅ ቀን ስትሰጠው የእኛን ወር አይከተልም። የእኛ ወር ሁሌ 30 ነው፣ የእነሱ 28፣ 29፣ 30፣ 31። ወር በገባ በ19 የሚውል ዕቁብ ወይም ማኅበር በፈረንጅ ቁጥር ሲሞላ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይንሸራተታል። መፍትሔው «በየወሩ» ማለትን ትቶ «በየ30 ቀኑ» ማድረግ ነው። ጉግል ካላንደር ላይ «ከስተም» ገብተህ 30 ዴይስ ብለህ ሙላ። ይህ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሳይዛነፍ ይሄዳል፤ ጳጉሜን ሲመጣ በ5 ወይም በ6 ቀን መግፋት ብቻ ነው የሚቀርህ። በዓመት አንድ ጊዜ መስከረም ላይ እንደ አዲስ መሙላት።

በዓመት የሚመጡትም አንድ አይሆኑም። የታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በአብዛኛው ዲሴምበር 28 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 29 ይሆናል። በ2016 እንዲህ ሆኗል፣ በ2020ም ይሆናል። የሐምሌ 19ኙ ግን በየዓመቱ ጁላይ 26 ነው፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መሃል ላይ ገብታ ታስተካክለዋለች። በቁልቢ ሰሞን መኪና ለምታከራዩና አልጋ ለምትይዙ ይቺ አንድ ቀን ትልቅ ናት።

እንግሊዝኛውን የአሜሪካ ካደረጋችሁት 5/7 የሚለውን ሜይ 7 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም ጥሩ። የህንድ እንግሊዝኛን ለአነጋገራችን ይቀርባል ብላችሁ የምትመርጡ ደግሞ መቶ ሺህን 1,00,000 አድርጎ ሊጽፍ እንደሚችል እወቁ፤ ስህተት አይደለም፣ የእነሱ አጻጻፍ ነው።

ቀፊራ_ሚዛን · ማታ 4:32

ለነጋዴ ትልቁ ጥቅም ስሌት ነው፣ እጅ ሚዛን ላይ እያለ። «ሰቨንቲን ታይምስ ቱ ሃንድረድ ፎርቲ ፋይቭ» ሲባል 4,165 ይላል። ቫት ለማውጣት «ፊፍቲን ፐርሰንት ኦፍ ስሪ ታውዘንድ ፎር ሃንድረድ ኤይቲ» 522 ነው። እዚህ ላይ ያ የፊፍቲንና የፊፍቲ ጣጣ ስላለ መልሱን በግምት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከ3,480 ላይ 1,740 ካላችሁ 50 በመቶ ነው የሰማው።

ቡና የምትመዝኑ፣ ፈረሱላን አያውቀውም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ በ17 አባዙ፤ 23 ፈረሱላ 391 ኪሎ ነው። ኩንታልንም ተዉት፣ በኪሎ ብቻ ተናገሩ።

የምንዛሪ ጥያቄ ላይ አደራ። ከሐምሌ 22፣ 2016 ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ ረዳቱ የሚነግራችሁም ባንኩ የሚከፍላችሁን አይደለም፤ መግዣና መሸጫውን አይለይም። ለግምት እንጂ ለውል አትጠቀሙበት። የጅቡቲ ፍራንክ ለብቻው ነው፦ ከዶላር ጋር በ177.721 የተቆለፈ ስለሆነ በዶላርና በፍራንክ መሃል በዚያ ቁጥር ማባዛት ወይም ማካፈል ይበቃል።

የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር በድምፅ አይነገርም። ለታዛዡም ለጸሐፊውም። የተጻፈ ነገር ኪቦርድ ላይ ሊቀር ይችላል፣ አጠገብ ያለ ሰውም ይሰማል።

ሸዋ_በር · ማታ 4:45

በዚሁ ላይ፦ ስልኩ ሱቅ ውስጥ ለሦስትና ለአራት ሰው የጋራ ከሆነ አሲስታንት ሴቲንግ ውስጥ ስክሪን ተቆልፎ እያለ የግል ነገር የሚያሳየውን አጥፉ። አለበለዚያ ማንም ተነስቶ መልእክታችሁን ሊያስነብብ ወይም ኮንታክታችሁ ላይ ሊደውል ይችላል። የተቀዳ ድምፅ መቀመጥ አለመቀመጡን ጉግል አካውንት ውስጥ «ማይ አክቲቪቲ» ላይ ማየትና መሰረዝ ይቻላል፤ በራሱ እንዲሰረዝ 3፣ 18 ወይም 36 ወር መምረጥም አለ። 3 ይበቃል።

ሳቢያን_07 · ማታ 4:52

ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ስፒከርስ፣ ኔስት ወይም ኤኮ ዶት፣ ያዋጣል?

ከዚራ_ጥላ · ማታ 5:05

በእኔ ግምት ለዚህ ከተማ ገና ነው። ባትሪ የለውም፣ ዋይፋይ የግድ ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ እሱም ራውተሩም አብረው ይጠፋሉ። የሚሠራውን ሁሉ ስልኩ ይሠራል። የግድ ካመጣችሁ አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል መኖሩን ሳታነቡ አትሰኩ።

ኔትወርክን በተመለከተ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው ነሐሴ 23፣ 2014 እዚሁ ድሬ ላይ ነው፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው ዳታውን የተሻለ ወደሚይዝበት ማዞር ይችላል። ዳታ ጨርሶ ሲጠፋ አይፎን ይሻላል፦ ከአይፎን ኤክስ ኤስና ኤክስ አር ጀምሮ፣ አይኦኤስ 15 እና ከዚያ በላይ ያላቸው፣ አላርምና ታይመርን ያለ ኢንተርኔት ይሞላሉ።

ፈረስ_መጋላ · ማታ 5:16

አንድ የቀረ ጥያቄ። እዚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይቀላቅላል፣ ጁገል ውስጥ ደግሞ ጌይ ሲናን (የሐረሪ ቋንቋ) አለ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ እንዴት ይሰማዋል?

ሳቢያን_07 · ማታ 5:30

ቅልቅሉን አይሰማም፤ የተከፈተለትን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ሌላው ቃል ሲመጣ ድምፁ የሚቀርበውን የአማርኛ ቃል ያስገባል። ኪቦርዱን ካዘመንክ በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ ኦሮምኛንም ሶማሊኛንም ፈልግና ለየብቻ ጨምራቸው፣ ስፔሱን ተጭነህ እየቀያየርክ ተጠቀም። ለጌይ ሲናን የድምፅ መተየቢያ የለም።

እንደዚያ ሲሆን ድምፁን ራሱን ማስቀመጥ ነው። ቴሌግራም ሴቭድ መሴጅስ ውስጥ በምትፈልገው ቋንቋ፣ ቀላቅለህም ቢሆን፣ የድምፅ መልእክት ቅዳ። ከዚያ ያንን መልእክት «ሪፕላይ» አድርገህ ሁለት የአማርኛ ቃል በማይክ ጻፍ፣ ለምሳሌ «የሰርግ ዕቃ»። የመላኪያ ቀስቷን ተጭነህ ሪማይንደሩን በዚያች ጽሑፍ ላይ አስቀምጥ። ሰዓቱ ደርሶ ስትመጣ ከላይዋ ያለውን ሪፕላይ ስትነካው የራስህ ድምፅ ጋ ይወስድሃል።